የሃይሉክስ ሬቮን ፊት በስፔሰር ከፍ ማድረግ ምቾቱን ያበላሻል?

ካሶኒ_16፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ ሬቮ ደብል ካቢን፣ 4 በ 4፣ የ2018 ምርት ነው። ባዶውን ሲቆም ፊቱ ያጎነብሳል። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ፊቱ 50 ሳ.ሜ.፣ ኋላው 54.5 ሳ.ሜ. ይለካል። ሁለት ዓይነት ስፔሰር (መኪናውን ከፍ ለማድረግ የሚደረብ ብረት) ቀርቦልኛል፤ ሁለቱም 25 ሚ.ሜ. ናቸው። አንዱ ከሾኩ ራስ በላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ሞላው ላይ ይደረባል። አንዱ ጋራዥ «ምንም ለውጥ የለውም» ሲል ሌላው «እንደ ጭነት መኪና ያንገጫግጭሃል» ይላል። መኪናው በሳምንት 2 ቀን 600 ኪሎ ያህል ጭኖ ጠጠር መንገድ ይሄዳል፣ ሌላውን ቀን ባዶውን ከተማ ውስጥ ነው። ማንን ልመን?

ሞላና_ሾክ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነው የነገሩህ።

ስፔሰር ሞላን አያጠነክርም። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና በጥቅሎቹ ብዛት ነው የሚወሰነው፤ ከላይ አሉሚኒየም ስለተደረበበት አይለወጥም። ሞላው የሚሸከመው ክብደትም ያው ስለሆነ የሚታመቀው የድሮውን ያህል ነው። ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ የሚሰማህ ትንንሽ ንዝረት እምብዛም አይለይም።

ነገሩ የሚለየው ጉብታና ጉድጓድ ላይ ነው። ጎማው ከጉብታ ሲወርድ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል። ሾኩ ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ከደረሰ ጎማው በድንገት ይቆማል፤ «ኳ» የሚለውና መሪው ላይ የሚመታህ ያ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ሞላው ጠነከረ» ይላል። የጠነከረ ነገር የለም፣ መውረጃው ነው ያለቀው።

ሞላው ላይ የሚደረበው ስፔሰር የሾኩን ርዝመት አይጨምርም። መኪናው ከፍ የሚለው የሾኩ ዘንግ ከድሮው ይልቅ ወጥቶ ስለሚቆም ነው፤ የተነሳህበትን ያህል ከመውረጃህ ትቀንሳለህ። ከሾኩ ራስ በላይ የሚቀመጠው ግን ሾኩን ከነሞላው ወደ ታች ስለሚገፋ ዘንጉ በድሮ ቦታው ይቆማል። ለምቾት ይሄኛው ይሻላል። ዕዳው ሌላ ነው፦ ጎማው ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበው በታች ስለሚወርድ ሲቪ ጆይንቱ (ለፊት ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፊያ) እና የላይኛው ቦል ጆይንት (የአርሙ ጫፍ መታጠፊያ) ከመጠን በላይ ይጠመዘዛሉ፣ የላይኛው አርምም (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ሞላውን ሊነካ ይችላል። ክፉኛ ሲጫን ደግሞ አርሙ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያቆመው ላስቲክ ጋ ሳይደርስ ሾኩ ውስጥ ለውስጥ ሊጋጭ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በል፤ 25 ሚ.ሜ. ማለት ጎማው ላይ 25 አይደለም። ሾኩ የታሰረው ታችኛው አርም መሃል አካባቢ ስለሆነ ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ 45 እስከ 50 ሚ.ሜ. በል። ይህ በሁለቱም ዓይነት ነው።

ከመግዛትህ በፊት መውረጃህን ለካ። መሬት ላይ እያለ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ይዘሃል። አሁን ክሪኩን ሻሲው ሥር አድርገህ (አርሙ ሥር እንዳይሆን) ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት እስኪለቁ አንሳና ድገመው። አንዱን ጎን ብቻ ካነሳህ ስታቢላይዘሩ (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ) ስለሚይዘው የውሸት ቁጥር ይሰጥሃል።

ካሶኒ_16፦
ሁለቱንም አንስቼ ስለካ 58.5 ሳ.ሜ. ሆነ። መውረጃው 8.5 ሳ.ሜ. ነው ማለት ነው?

ሞላና_ሾክ፦
አዎ። የሚደረበውን ብታስገባ 4 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ ያነሰ ይቀርሃል። የከተማ ጉብታ በ20 ኪ.ሜ. ፍጥነት ስትወርድ ያንን ይጨርሰዋል። እሱን ተወው።

ግራሶ፦
ምርጫው ላይ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ አገጣጠሙ ነው። ስፔሰር ገብቶ መኪናው ደረቀ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከአሠራር ጉድለት ነው።

ሾኩ ከላይ በ3 ዳዶ ነው የታሰረው፤ ስፔሰሩ እነዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። መሃል ያለውን ዳዶ ማንም እንዳይነካው፤ የታመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው፣ ከተፈታ ሰው ይገድላል። ከላይ የሚቀመጠው ስፔሰር ሞላ ማመቂያ ስለማይፈልግ ለመካኒኩም ደኅና ነው። አርሙ ወደ ታች ሲወርድ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ ፉዜሎውን (ጎማው የሚታሰርበትን ብረት) በሽቦ አንጠልጥሉት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጎሚኒው (አርሙ ሻሲው ላይ በሚታሰርበት ያለው ላስቲክ)። የታችኛው አርም ጎሚኒ ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። መካኒኩ የአርሙን ቡሎኖች መኪናው በክሪክ ላይ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቃቸው ጎሚኒው «ቤቴ እዚህ ነው» ብሎ ይይዛል። መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ራሱ ሌላ ሞላ ይሆናል። ኮብልስቶን ላይ ሁሉም ነገር እጅህ ላይ ይመጣል፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ላስቲኩ ዳሩ ላይ ይሰነጠቃል። ቡሎኖቹን ጨርሶ አለመንካትም አያዋጣም፤ ጎሚኒው የድሮውን ከፍታ ይዞ ይጎትታል። ስለዚህ ስፔሰሩ ከገባ በኋላ አላላቸው፣ መኪናውን አውርደህ ፊቱን 3 ወይም 4 ጊዜ በእጅ ተጫነው፣ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ንዳው፣ ከዚያ መሬት ላይ እንዳለ አጥብቅ። እነዚያው ቡሎኖች የአላይመንት ማስተካከያ ስለሆኑ ከመፍታትህ በፊት ያሉበትን በቀለም ምልክት አድርግባቸው።

በቀጥታ ወደ አላይመንት። ፊቱ ሲነሳ ካስተሩ (ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ማዘንበሉ) ይቀንሳል፤ መሪው በራሱ ወደ መሃል መመለሱን ይተዋል፣ አስፋልት ላይ መኪናው ይንከራተታል። ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው) ደግሞ ካልተስተካከለ ጎማው እንደ መጋዝ ጥርስ ይበላል፣ የሚበላው ጎማ ደግሞ ያጓራል። «ቶ ብቻ ነው የምንሠራው» የሚል ቤት ገንዘብህን አትስጥ። የሁለቱንም ጎን ካስተር የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ።

ባሌስትራ_ኋላ፦
ሁላችሁም ስለ ፊቱ ስታወሩ 600 ኪሎው ተረሳ። ኋላው ከፍ ብሎ የተሠራው ለጌጥ አይደለም፤ ሲጫን ባሌስትራው ወርዶ መኪናው እንዲስተካከል ነው። ባዶውን ካስተካከልከው ስትጭን አፍንጫውን ሰማይ ላይ ይሰቅላል። የፊት ጎማ ክብደት ያንሰዋል፣ ጠጠር ላይ መሪው ይቀልላል፣ ካስተሩ ይለወጣል፣ መብራትህም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። የመብራት ከፍታ ማስተካከያው ዳሽቦርዱ ላይ ካለህ ስትጭን ዝቅ አድርገው፤ ከሥራው በኋላ ግን መብራቱ ራሱ ግድግዳ ላይ ተለክቶ መስተካከል አለበት።

የኔ ምክር፦ 45 ሚ.ሜ. ልዩነትህን ሙሉ በሙሉ አትሙላው። 12 ወይም 15 ሚ.ሜ. ስፔሰር ፈልግ፤ ጎማው ላይ 25 እስከ 30 ሚ.ሜ. ያነሳሃል፣ ከ15 እስከ 20 ሚ.ሜ. ለኋላው ይቀርለታል። ሲቪ ጆይንቱም ያመሰግንሃል። ኋላውን በተጨማሪ ባሌስትራ ለማንሳት ካሰብክ ደግሞ አክስሉ ላይ የተያያዘ የፍሬን ጭነት ቫልቭ መኖሩን እይ፤ ካለ ኋላው ሲነሳ ባዶ ነው ብሎ ስለሚያስብ የኋላ ፍሬንህን ይቀንሳል፣ ዘንጉ መስተካከል አለበት።

ጠንካራ ሞላ ግዛ የሚልህ ካለም፣ ያ የሚሆነው ብረት ቡልባርና ዊንች ለተሸከመ ፊት ነው። ባዶ ፊት ላይ እንደ ጭነት መኪና የሚያደርግህ እሱ ነው።

ዲማክስ_4በ4፦
ጎማውንም አትርሱ። ስፔሰር ሲገባ ብዙ ሰው አብሮ ባለ 10 ፕላይ ጎማ ያስገባና ጎሚስታው በ40 ፒኤስአይ ይሞላዋል፤ ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ ስፔሰሩ ላይ ይለጠፋል። ሁለቱን በአንድ ቀን አትቀይሩ።

የ2002–2011ዱን አይሱዙ ዲማክስ የያዛችሁ ደግሞ ፊቱ ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ነው፤ ቡሎኑን በማጥበቅ በነፃ ይነሳል። ሕጉ ግን ያው ነው፦ ባሩ አይጠነክርም፣ መውረጃው ያልቃል። የላይኛው አርም ወደ ታች ሲወርድ የሚያቆመውን ላስቲክ ሊነካ ከተቃረበ አልፈሃል፣ መልሰህ አላላው።

ካሶኒ_16፦
አመሰግናለሁ። እንግዲያው 15 ሚ.ሜ. ከላይ የሚቀመጠውን ነው የምፈልገው። ከተሠራ በኋላ ምን ልከታተል?

ግራሶ፦
ከ500 ኪ.ሜ. በኋላ 3ቱን ዳዶዎችና የአርሙን ቡሎኖች አስፈትሽ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙረህ ከጎማው በስተጀርባ በባትሪ እይ፦ የሲቪ ጆይንቱ ሽፋን እጥፋቶች እርስ በርስ እየተፋጩ ከሆነ ወይም የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ግራሶ ተረጭቶ ካየህ ሽፋኑ ተቀዷል። አሸዋ ሳይገባው ሽፋኑን ብቻ ከቀየርክ ጆይንቱ ይተርፋል።