የሥራ አጥነት ጥናታችን ፕሮፖዛል፦ ክፍል ሦስትን አብረን እንጨርሰው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክፍል ሦስት፣ ማለትም «ሥራ አጥ ማን ነው? እንዴትስ እንቆጥረዋለን?» የሚለው ገና ክፍት ነው። ረቂቁ ላይ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሥራ አለህ ወይስ የለህም?» ይላል። ይበቃል? ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉልኝ፣ እኔ አቀናብረዋለሁ።

ከመጠይቅ ቡድን፦ ኧረ አይበቃም። መጠይቁን በሞከርንበት ጊዜ አንዲት እህት «ሥራ የለኝም» አለችኝ፣ ፍርጥም ብላ። እኔም «ሥራ አጥ» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ወሬያችንን ስንቀጥል ግን ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ እንደዋለችና እንደተከፈላት ነገረችኝ። ለእሷ ያ ሥራ አይደለም፤ ሥራ ማለት ወር ጠብቆ ደሞዝ የሚመጣበት ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰውን «ምን ነህ?» ብለን አንጠይቀው፤ ምን እንዳደረገ እንጠይቀው። ባለፉት 7 ቀናት ሠርተሃል? ካልሠራህ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ለማግኘት ምን አደረግህ? ዛሬ ሥራ ቢገኝ ትጀምራለህ? ሥራ አጥ የሚባለው ሦስቱንም ያሟላ ነው፦ ያልሠራ፣ የፈለገ፣ ዝግጁ የሆነ። ታሞ ወይም ፈቃድ ወጥቶ የቀረ ሠራተኛ እዚህ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ እንጠንቀቅ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ገና መቀላቀሌ ነው። አንድ ሰዓት የሠራ ሰው «ሥራ አለው» ከተባለ ግን ችግሩን ራሳችን መደበቃችን አይደለም? የልብስ ሰፊዋ ነገር እኮ አንጀት ይበላል። ሁለት ቀን ሠርታ አምስት ቀን እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሰው ናት።

ዳታ ላይ የምሠራው፦ ጥያቄሽ ልክ ነው፣ ግን መልሱ መለኪያውን መጣል አይደለም። የአንድ ሰዓቱ ሕግ የኖረው ማንም ሰው ሁለት ቦታ እንዳይቆጠርና የአንዱ አገር ቁጥር ከሌላው ጋር እንዲነጻጸር ነው። እኛ ማድረግ ያለብን ከጎኑ ሌላ ቁጥር ማስቀመጥ ነው፤ ተጨማሪ ሰዓት መሥራት የሚፈልጉና የሚችሉ፣ ግን ያላገኙ ስንት ናቸው የሚለውን። እሷ እዚያ ውስጥ ትታያለች።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ፍለጋ ያቆመው ሰው ነው። በምሳሌ ላሳያችሁ። የሥራ ኃይሉ፣ ማለትም የሚሠራውና ሥራ የሚፈልገው ሰው ድምር፣ 100 ሰው ነው እንበል፤ 90ው ይሠራል፣ 10ሩ ሥራ ይፈልጋል። የሥራ አጥነት ምጣኔው፣ ማለትም ሥራ አጡ ከሥራ ኃይሉ ያለው ድርሻ፣ 10 በመቶ ነው። ከ10ሩ 4ቱ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ቢያቆሙ ከሥራ ኃይሉ ይወጣሉ። አሁን 6 ለ96 ሆነ፣ ማለትም 6.25 በመቶ። አንድም ሰው ሥራ ሳያገኝ ቁጥሩ አማረበት! እንዲህ ያለውን ቁጥር ብቻውን አውጥተን «ሁኔታው ተሻሻለ» ብንል ሰዎቹን በደልናቸው ማለት ነው።

የወጣቶች ቁጥር ላይም ጥንቃቄ እንጨምር። ከ100 ወጣት 60ው ተማሪ ሆኖ ሥራ የማይፈልግ ከሆነ፣ ከቀሩት 40ዎቹ 10ሩ ሥራ ቢያጡ ምጣኔው 25 በመቶ ይሆናል። «ከአራት ወጣት አንዱ ሥራ አጥ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው፤ ከሁሉም ወጣት ሥራ አጡ ከአሥር አንዱ ነው።

ነባር አባል፦ ልጆች፣ ቁጥሩን በደንብ ይዛችሁታል። ቆጠራው ራሱ ከችግር የተወለደ መሆኑንም መግቢያው ላይ ጨምሩልኝ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ አሜሪካ እንኳ ሥራ አጦቿን በየወሩ የምትቆጥርበት መንገድ አልነበራትም። ቤት ለቤት የሚደረገው ወርሃዊ የናሙና ጥናት የተጀመረው በ1940 ነው።

እኔ ግን ስለ ጉዳቱ የጻፍነው ቀጥኖብኛል። «ገቢ ይቀንሳል» ብለን አልፈናል። ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል ትንሽ የፋብሪካ መንደር ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ሲዘጋ መንደሩ ባዶ እጁን ቀረ፤ ተመራማሪዎችም ሄደው የሰዉን ኑሮ አጠኑ። ሰው ጊዜ ሲተርፈው ብዙ ያነባል ብለን እንገምት ይሆናል። እዚያ ግን ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ሰው መንገድ ላይ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ሳይቀር ሰዓት ይዘው ለኩ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ ቀስ ይሉ ነበር፣ እየቆሙ። ሴቶቹ የቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል፣ ወንዶቹን ግን የሚያጣድፋቸው ነገር አልነበረም። ሥራ ሲጠፋ ቀኑ ራሱ መልክ ያጣል። እና እባካችሁ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን አደረግህ?» የሚል አንድ ጥያቄ አስገቡ።

ከመጠይቅ ቡድን፦ ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ ይገባል። በሙከራው ያገኘሁት አንድ ወንድምም ትዝ አለኝ። ሥራ መፈለግ ካቆመ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ በፕላስቲክ ፋይል ይዞ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቷል። «መጀመሪያ አካባቢ ይደውሉልኝ ነበር፣ አሁን ያለ ሥራ የቆየሁበትን ክፍተት ሲያዩ ዝም ይላሉ» አለኝ። ሥራ ማጣቱ ለሌላ ሥራ ማጣት ምክንያት ሆነበት። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» የሚለው ጥያቄ የግድ ነው፤ 12 ወርና ከዚያ በላይ የሆነውን ለብቻ እናውጣ።

ዳታ ላይ የምሠራው፦ እስማማለሁ። ምክንያት ላይ ግን አንቸኩል። ከሥራ የተቀነሰን ሰው «ለምን?» ብትሉት «አለቃዬ አልወደደኝም» ሊል ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ገበያ ቀዝቅዞበት ይሆናል። ምክንያቱን ከሥራ አጡ አፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ቀጣሪዎችንም «ክፍት ቦታ አላችሁ? ስንት ጊዜ ሰው ሳታገኙ ቆያችሁ?» ብለን እንጠይቅ። ክፍት ቦታም ሥራ አጥም አብረው ከበዙ ሙያው፣ ቦታው ወይም መረጃው አልተገናኘም ማለት ነው። ክፍት ቦታ ጠፍቶ ሥራ አጥ ከበዛ ደግሞ ገበያው ራሱ ተዳክሟል፤ ያኔ ሥልጠና ብቻ ብናቀርብ ሰልጥኖ የሚቀመጥ ሰው ነው የምናበዛው።

አዲስ አባል፦ አሁን ገባኝ። የቀጣሪዎቹን መጠይቅ እኔ ልሞክረው?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ያንቺ ነው፣ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። ክፍል ሦስትን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ሥራ አጥነትን በዓለም አቀፉ መለኪያ እንቆጥራለን። ይህን ቁጥር ግን ተጨማሪ ሰዓት ፈልገው ካጡትና መፈለግ ካቆሙት ሰዎች ቁጥር ነጥለን አናወጣም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የሚቃወም ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ።