አባቴ በሁለቱም ወገን አልተወደደም

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ የደርግ ሻምበል ነበር። የካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ሲደመሰስ ተማረከ። ከዚያ ከማራኪዎቹ ጋር ተሰልፎ፣ የካቲት 1983 ባሕር ዳር ስትያዝ አብሯቸው ገባ። ሠፈሩ «ከሃዲ» አለው። ብዙም ሳይቆይ ሲቀነስ ደግሞ አዲሶቹ «የደርግ ወታደር» አሉት። ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት የተላጠ ቀበቶና ሦስት የማዕረግ ኮከብ ብቻ ነው። እንደሱ ያሉት ምን ደረሳቸው?

አሥር አለቃው፦ የኔ ልጅ፣ ምርኮኛ መኮንኖች በ1982 የራሳቸውን ንቅናቄ መሥርተው የኢሕአዴግ አባል ሆነው ነበር። ከድሉ በኋላ ፈረሰ። እኔ አልከዳሁም፤ ግን ሠራዊቱ ሲበተን እኔም ባዶ እጄን ቀረሁ። ጣና ዳር ታንኳ ስጠግን እንዳባትህ ያለ አንድ ሻምበል አጠገቤ ቀረሶ ዓሣ ይሸጥ ነበር። የጡረታ ነገር ከተነሳ ዝም ይላል። ሚዛኑን ግን አንድ ቀን አላጭበረበረም።

የሟች እህት፦ ወንድሜ ሽሬ ቀርቷል። መርዶው እንኳ ዘግይቶ ነው የመጣልን። ጥይት አልቆበት እጁን የሰጠን ሰው አልወቅስም። ዞሮ መተኮሱ ነው የማይዋጥልኝ። ይቅርታ፣ አባትህ ቢሆንም።

ጠያቂ፦ እትዬ፣ አልቀየምም። አሥር አለቃ፣ ያ ሻምበል ግራ እግሩን ይጎትት ነበር እንዴ?