አባዬን "ክራዮባሉን" ማሠራት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ (የፒያሳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 61 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ልቡ ድንገት ይነሳና ይረበሻል። "ደረቴ ውስጥ እግሯን የታሰረች ዶሮ አለች" ይላል። ሦስት አራት ሰዓት አስጨንቆት በራሱ ይተወዋል። ባለፈው ወር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ የአንዱን ሱቅ በር ይዞ ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል። ምነው ስለው "ጫማዬን ላስር ነው" አለኝ። ያደረገው ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) "ኤትሪያል ፊብሪሌሽን" ብሏል፤ የልብ የላይኛ ክፍሎች ምት ሲረበሽ ማለት ነው። ምቱን እንዲያረጉለት መጀመሪያ ቢሶፕሮሎል፣ ቀጥሎ አሚዮዳሮን የሚባሉ መድኃኒቶች ታዘዙለት፤ አልያዙለትም። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪንም ይወስዳል። አሁን ወረቀቱን ህንድ ላለ ሆስፒታል ልከን "ክራዮባሉን አብሌሽን ይሠራለት" የሚል መልስ መጣ፤ ረብሻ የሚያስነሳውን የልብ ቦታ በሚቀዘቅዝ ፊኛ ማጥፋት ነው አሉ። እማዬ "ልብ ውስጥ በረዶ?" ብላ አማተበች። ወንድሜ መኪናውን ሊሸጥ ነው። ሐኪሙን በደንብ እንዳልጠይቅ ኮሪደሩ በወረፋ ተሞልቶ ነበር፤ አፈርኩ። ነገሩ ምን ያህል ይሠራል? ከተሠራለት በኋላስ ዋርፋሪኑን ይገላገላል?

ሲስተር፦
ካት ላብ (በቱቦ የልብ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል) ውስጥ ስለሠራሁ ልንገርሽ። እናትሽ አልተሳሳቱም፣ በረዶ ነው። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም ሥር ይገባል። ልብ ሲደርስ በቀኝና በግራ መካከል ያለው ግድግዳ በመርፌ ተበስቶ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል ያልፋል። እዚያ ከሳንባ ደም የሚያመጡ፣ ብዙ ጊዜ አራት የሚሆኑ ቧንቧዎች አሉ። ፊኛው ከነዚህ በአንዱ አፍ ላይ ይነፋና እንደ ቡሽ ይወተፋል። ከዚያ በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ይቀዘቅዛል፤ ከዜሮ በታች ወደ 40 እና 50 ዲግሪ ይወርዳል። ሦስት አራት ደቂቃ ይቆይና ወደሚቀጥለው። የቀዘቀዘው ቦታ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ለምን እዚያ? እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች ረብሻውን የሚያስነሳው ብልጭታ በብዛት ከእነዚህ ቧንቧዎች እንደሚመጣ አሳይተዋል። ረብሸኛው እዚያው እንዳለ በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው።

ውጤቱን ደግሞ ሳላሳምር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 "ፋየር ኤንድ አይስ" የተባለው ጥናት በ762 ሰዎች ላይ ማቀዝቀዙን በሙቀት ከማቃጠሉ ጋር አወዳደረ። እኩል ወጡ። በሁለቱም በኩል በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ወይ ምቱ ተመልሶበታል፣ ወይ መድኃኒት ወይ ሁለተኛ አብሌሽን አስፈልጎታል። እነዚህ እንደ አባትሽ መጣ ሄድ የሚልባቸው ናቸው። ሳይቋረጥ ለወራት በቆየበት ሰው ላይ ውጤቱ ከዚህም ያንሳል።

ተጠራጣሪው፦
ከሦስት አንዱ ላይ ካልሠራ ለዚህ መኪና ይሸጣል እንዴ? ልክ እንደ ሎተሪ!

ሲስተር፦
ሎተሪ እንኳ እንዲህ ቢደርስ! ማወዳደር ያለብህ ከመድኃኒቱ ጋር ነው። "ኧርሊ ኤኤፍ" በሚባለው ጥናት 303 ሰዎች ቆዳቸው ሥር ትንሽ መቅጃ ተቀብሮ አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ምቱ የተመለሰባቸው በክራዮ 42.9 በመቶ፣ በመድኃኒት 67.8 በመቶ ነበሩ። እዚያ ላይ 30 ሰከንድ ብቻ የቆየ ረብሻም "ተመለሰ" ተብሎ ይቆጠራል። በቀን አራት ሰዓት ሲሰቃይ ለነበረ ሰው በወር ሁለት ደቂቃ ትልቅ ለውጥ ነው። ዕድሜ ይጨምራል ብለሽ ግን አትግዢው። 2,204 ሰው የገባበት "ካባና" የተባለው ጥናት ሞትንና ስትሮክን በግልጽ መቀነሱን አላሳየም።

የስታዲየም ሰፈሩ፦
እኔ ህንድ ሄጄ ተሠርቼዋለሁ፣ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ ተኝቼ ነው ያለቀው። ከበድ ያለኝ ከዚያ በኋላ እግርን ሳያጥፉ በጀርባ መተኛቱ ነው። በአሥረኛው ቀን ልቤ ዳግም ተነሳ። የተከራየሁበት ክፍል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ "ብሬ ውኃ በላው" ብዬ። ለካ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይቆጠሩም፤ የተቆጣው የልብ ሥጋ እስኪረጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። ደም ማቅጠኛዬን ግን አላቆምኩም። ስኳርም ደም ግፊትም ስላለኝ አይሆንም ተባልኩ። አንድ ምክር፦ ሲመለሱ ሻንጣ እንዳይሸከሙ። የብሽሽቱ ቦታ እኔን ጥቁር አድርጎኝ ነበር።

የፒያሳዋ፦
አባዬም ደም ግፊት አለበት። ስለዚህ አያቆምም ማለት ነው?

ሲስተር፦
ከሥራው በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ማንም አያቆምም። ከዚያ በኋላ የሚወሰነው በዕድሜ፣ በግፊት፣ በስኳር፣ ቀድሞ ስትሮክ በመኖር አለመኖሩ ነው። ምቱ ስለተስተካከለ ብቻ ማቆም አደጋ ነው። አደጋ ካልን፣ ፊኛው ወደ ዲያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚሄደውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። አብዛኛው በወራት ውስጥ ይድናል። ጉዳቱን ቶሎ ለማወቅ ሲቀዘቅዝ ነርቩን በኤሌክትሪክ እየነኩ ይከታተላሉ።

የእናቷ ልጅ፦
ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስተዋል? እናቴ ያው በሽታ ነበረባት፣ ግን መነሻው ሚትራል የሚባለው የልብ በር መጥበብ ነው፤ በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ያመጣው። እኛ አገር ይሄ ብዙ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይሆኑም፣ መጀመሪያ በሩ ነው የሚታየው። በሩ የጠበበ ከሆነ "አዲሱ ደም ማቅጠኛ ይሻላል" ብሎ የሚመክራችሁንም አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው "ኢንቪክተስ" ጥናት እንደ እናቴ ላሉ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ከአዲሱ ማቅጠኛ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ እነ ዋርፋሪን እንደሚሻሉ አሳይቷል።

ፋርማሲ ቤት፦
ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳ። አሚዮዳሮን አዮዲን አለው፣ የታይሮይድ ዕጢን ያዛባል። የታይሮይድ መብዛት ደግሞ ራሱ ይህንን ምት ያመጣል። ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ሳይታይ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ። ሌላ፣ አሚዮዳሮን ዋርፋሪንን ያበረታል። አይኤንአራቸው (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር) ስንት ነው?

የፒያሳዋ፦
ይዘላል። ሑዳዴ ላይ 1.4 ነበር። ከፋሲካ በኋላ 3.8 ሆነ።

ፋርማሲ ቤት፦
ጎመን! በጾሙ በየቀኑ ይበላሉ፣ ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ ዋርፋሪኑን ያደክመዋል። ሲፈታ በሥጋ ይተኩትና ቁጥሩ ይወጣል። ጎመን ይተዉ አላልኩም፤ ጾምም ሆነ ፍስክ መጠኑ አንድ ዓይነት ይሁን። የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው።

የፒያሳዋ፦
ኢኮውን አሁን አወጣሁት። "ሚትራል ኖርማል" ይላል፣ ተመስገን። የግራው የላይኛ ክፍል 4.1 ሴንቲ ሜትር። ቲኤስኤች ነገ ጠዋት አሠራለታለሁ።

ሲስተር፦
4.1 ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፣ አያስደነግጥም። ለህንዱ ሆስፒታል ሁለት ነገር ጻፊላቸው፦ ሐኪሙ በዓመት ስንት ክራዮ ይሠራል? ተመልሶ ቢመጣ ሁለተኛው ዙር ዋጋው ስንት ነው? የሁለተኛውን መልስ ሳታገኙ ወንድምሽ መኪናውን አይሽጥ።