እናቴ ጉበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ 412 ሆነ፤ ፕሬድኒሶሎን እንስጣት ወይ?

የሐይቅ ልጅ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ደሴ ነን። እናቴ ከትናንት ወዲያ ጉበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ዛሬ ጠዋት የደም ምርመራውን ወረቀት ሰጡን፤ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም 412 ይላል። ከጎኑ የተጻፈው ጤናማ ልክ እስከ 40 ነው፤ አሥር እጥፍ አለፈ ማለት ነው! ተረኛዋ ነርስ «የራሷ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው ጉበቱን የጎዱት» አለችን። ዋናው ሐኪም እስከ ማታ አይመጣም። አክስቴ «መከላከያን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል አለ» ብላ ወንድሜን ፋርማሲ ልካዋለች። ጎረቤታችን በበኩሏ «መከላከያዋ ደክሞ ነው» ብላ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ አምጥታለች። የትኛውን እንስጣት? ወንድሜ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ ስልኬን እየጠበቀ ነው።

ከጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ። ሁለቱንም አትስጧት። ወንድምሽ ባዶ እጁን ይመለስ።

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦
ልጄ፣ ነርሷ አልተሳሳተችም፤ ግን የነገረችሽ ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ስሚኝ፣ ምክንያቱም እናትሽን የሚያድናት እሱ ነው።

ጉበት ሲቆረጥ ደም እንዳይፈስ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ወደ ጉበት የሚገቡትን የደም ሥሮች ለጥቂት ደቂቃ ይቆነጥጧቸዋል። ይህን ዘዴ በግላስጎው ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ1908 ገልጾታል። አሁን በአብዛኛው 15 ደቂቃ ያህል ቆንጥጠው 5 ደቂቃ ይለቃሉ። በዚያ ጊዜ ጉበቱ ኦክስጅን ይጠማዋል። የሚገርመው ግን ጉዳቱ የሚብሰው ደሙ ሲመለስ መሆኑ ነው።

በጉበት ጠባብ የደም ቦዮች ውስጥ ዘወትር የሚኖሩ ዘበኞች አሉ፤ ኩፕፈር ሕዋሳት ይባላሉ። ከአንጀት በደም የሚመጣውን ጀርምና ቆሻሻ የሚውጡ እነሱ ናቸው። ደሙ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እነዚህ ይቆጣሉ፤ የሚያቃጥል ኦክስጅን ይረጫሉ፣ በኬሚካልም ጥሪ ያሰማሉ። ጥሪውን ሰምተው ከደም ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት በስድስት ሰዓትና በአንድ ቀን መካከል ይጎርፋሉ። የሞተውን ሊያጸዱ መጥተው አጠገቡ ያለውን ደህናውንም ይጎዳሉ። ቅርፊቱ የተቀደደ የጉበት ሕዋስ በውስጡ ያለውን ኢንዛይም ወደ ደም ያፈሳል። ወረቀትሽ ላይ ያለው 412 ያ ፍሳሽ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ይኸውልሽ። እነዚያው ኩፕፈር ሕዋሳት የሚያሰሙት ጥሪ የቀረው ጉበት መልሶ እንዲያድግ የሚቀሰቅሰውም ነው። በአይጦች ላይ ሕዋሳቱን አስቀድመው ባጠፉ ጊዜ ጉበቱ ለማደግ ዘግይቷል። ስለዚህ «መከላከያውን አብርዱ» ማለት የሚያቃጥለውን ብቻ ሳይሆን የሚገነባውንም መንካት ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያዘገያል፣ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለጉበት ቀዶ ሕክምና የተሞከረው ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት፣ በሐኪም እጅ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ከፋርማሲ ተገዝቶ አይደለም።

ኢንዛይሙ በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ መውረዱ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ብቻውን አያስደንግጥሽ። የነገውን ከዛሬው ጋር አስተያዪ።

እናት ነኝ ከኮምቦልቻ፦
ሁለቱንም አትስጧት እህቴ። የሕመም ማስታገሻም ከውጭ ገዝታችሁ አትጨምሩ። የጉንፋን መድኃኒት ብዙው ውስጡ ፓራሲታሞል ነው፤ ሆስፒታሉ ከሚሰጣት ጋር ሲደመር ለጉበት መርዝ ይሆናል። ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻም ኩላሊትንና የደም መርጋትን ያውካል።

ባቲ ገበያ፦
እኔ ጥያቄውንም መልሱንም አልተቀበልኩም። ሁላችሁም ስለ ሕዋሳት ታወራላችሁ፤ ለምን ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት ማንም አልጠየቀም። የምን ቀዶ ሕክምና ነው? ከዚያ በፊት የምትወስደው መድኃኒት ነበር? ጉበትን የሚጎዳ ነገር ሁሉ የሕዋስ ጠብ አይደለም።

የሐይቅ ልጅ፦
ይቅርታ፣ ተጨንቄ ረሳሁት። በጎች እናረባለን፤ ሐኪሙ «ከውሻ የሚመጣ የትል ከረጢት ነው» ብሎ ከረጢቱን ከዙሪያው ጉበት ጋር አወጣው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሦስት ሳምንት ወስዳለች፤ አሁንም ሰጥተዋታል። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜን እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።

ባቲ ገበያ፦
ይኸውላችሁ! አልቤንዳዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የጉበት ኢንዛይምን ከፍ ያደርጋል። ነጭ የደም ሕዋሳትንም ሊቀንስ ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ ደም ታይቶ ነው የሚቀጠለው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተደረገ ምርመራ ካለ ወረቀቱን ፈልጊ። ያኔም ከፍ ብሎ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው። ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ ከረጢቱ እንዳይመለስ የሚሰጥ ነውና ለሐኪሙ ንገሩት፣ እሱ ይወስን።

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦
ባቲ ገበያ እውነቱን ነው፤ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ልጄ፣ ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) እና የደም መርጋት ምርመራ ተሠርቶላታል? ኢንዛይም የተጎዳውን ይቆጥራል፤ የቀረው ጉበት ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን የሚነግሩሽ ግን እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ከሰፊ የጉበት ቆረጣ በኋላ ሐኪሞች አምስተኛውን ቀን አጥብቀው ይመለከታሉ፤ ቢሊሩቢን ከ3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ በላይ ሆኖ የደሙ የመርጋት አቅም ከጤናማው ግማሽ በታች ከወረደ ሁኔታው አደገኛ ነው።

መርሳ ላይ ያለ፦
ወንድምሽ ፋርማሲ በር ላይ ቆሞ አቦሉ አምልጦታል፤ ቶናው ላይ ይድረስ! ደግሞ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አልጋዋ ላይ አይሰብሰብ፤ ዱዓውን ከደጅ ሆነው ያድርጉላት። እኔ አባቴን ሳስታምም የተማርኩት ይህን ነው፦ አንድ ሰው ዓይኗን እያየ ይቀመጥ። ነጩ ወደ ቢጫ ከሄደ፣ ሽንቷ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ፣ ቀን እየተኛች ሌሊት ካልተኛች ወይም የምትናገረው ከተምታታ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከቀዶ ሕክምናው ቦታ ከተተወው ማፍሰሻ ቱቦ ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ ከበዛ፣ ማታ አትጠብቁ። ተረኛውን ሐኪም ጥሩ።

ከጦሳ ሥር፦
ሁለቱንም አትስጧት ብያለሁ። የማሩን ነገር በደስታ ተቀብላችሁ አስቀምጡት፤ ጎረቤትን ማስቀየም አያስፈልግም። ስትድን ትበላዋለች።

የሐይቅ ልጅ፦
ዓይኗ ነጭ ነው። አወቀችኝ፤ «ስለ በጎቹ ማን አየ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቢሊሩቢን 1.4 ይላል። የመርጋት ምርመራው ወረቀቱ ላይ የለም። የቀድሞውን ውጤት አክስቴ ከሐይቅ ይዛ እየመጣች ነው።

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦
1.4 በሁለተኛው ቀን አያስደነግጠኝም። የመርጋቱን ምርመራ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ «ለምን አልተሠራም?» በይ፣ አትፈሪ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገሽ ማታ ለሐኪሙ አሳዪው።

እናት ነኝ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ሐኪሙ መጣ?

ባቲ ገበያ፦
የቀድሞው ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ ስንት ነበር? ስታገኚው ቁጥሩን ጻፊልን።