ባጃጅ የገጫት ኤሊ፦ ዛሬ ማታ ምን ላድርግላት?

ጠያቂ (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት ኤሊ ይዘዋል። የቅርፊቷን ጠርዝ በስተው በሽቦ ነው የሚያስሯት። ዛሬ አምልጣ መንገድ ስትወጣ ባጃጅ ገጫት። ጀርባዋ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል፣ ትንሽ ይደማል። ለምኜ ወደ ቤቴ አመጣኋት። ቢጫማ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ አላት፣ ጀርባዋ ጉብ ያለ ነው። እንጀራና ወተት ነበር የሚሰጧት። አንዱ ጎረቤት ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ለጥፊው አለኝ። ሌላው ጣና ውስጥ ልቀቂያት፣ ራሷ ትድናለች ይላል። እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።

የእንስሳት ሐኪም
እህቴ፣ ሁለቱንም እንዳታደርጊ። የኤሊ ቅርፊት ሕይወት ያለው አጥንት ነው። ከጀርባና ከጎድን አጥንቷ ጋር የተያያዘ ነው። ይደማል፣ ያማታል። ስለዚህ ያየሽው ስንጥቅ ስብራት ነው። ሳይጸዳ በማጣበቂያ ከተዘጋ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል።

ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው ጨምሪ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በሱ ቀስ ብለሽ እጠቢላት። ስንጥቁ ጠልቆ ውስጧ የሚታይ ከሆነ ግን ውሃ አታፍስሺበት፣ በዚሁ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጎዝ ብቻ ሸፍኚበት። ቤታዲን ካለሽ ስስ ሻይ እስኪመስል አቅጥነሽ ዳር ዳሩን ጥረጊ። ዝንብ እንዳያርፍበት አደራ፣ ቶሎ ትል ይፈጥራል።

ሲሚንቶ ላይ አታሳድሪያት። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፊላት። ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ በአንድ ጎን አድርጊላት። ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን ትሸሻለች። ዛሬ ምግብ ይቅርባት፣ ኤሊ ከበረዳት ምግብ አይፈጭላትም።

አንድ ትልቅ ነገር፦ አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል። ለበግና ለከብት በየቀኑ የምንወጋው መድኃኒት ስለሆነ የትም ብትወስጃት አስቀድመሽ ተናገሪ። የሰው ማስታገሻም አትስጫት።

ዓሣ አጥማጅ (ዘጌ)
እህት ዓለም፣ ጣና ውስጥ እንዳትከቻት! የነገርሽን የየብስ ኤሊ ናት፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትሰጥማለች። እግሯን እዪው። ወፍራምና ድብልብል ከሆነ የየብስ ናት። የውሃዋ ጠፍጠፍ ያለች ናት፣ በጣቶቿ መሃል ቆዳ አላት፣ ጭንቅላቷን የምትደብቀውም አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ነው። ለነገሩ የውሃዋም የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። መረብ ውስጥ ከቆየች ታፍና ትሞታለች። መረብ የምትጥሉ ወንድሞቼ፣ ቶሎ ቶሎ እዩላቸው።

የባዮሎጂ መምህር
ወተቱና እንጀራው ይቁም። ይህች ሣር በል ናት። ስታገግም ሣር፣ አረም፣ እሾሁ የተነቀለ የበለስ ቅጠል ስጫት። ቁልቋል ግን እንዳይሆን፣ ወተቱ መርዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥላ ያለበት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ታግኝ። በመስታወት የሚገባ ፀሐይ አይበቃትም፣ ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን አልትራቫዮሌት ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። በነካካችኋት ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በተለይ ልጆች። ኤሊዎች ሳልሞኔላ ይይዛሉ።

ጠያቂ
ዶክተር ይባረኩ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጥቤ ሸፍኜላታለሁ፣ ካርቶን ውስጥ ናት። ሽቦውን ምን ላድርገው? ሲሻላትስ እዚሁ ዳር ልልቀቃት? ሰዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እንዳይጣሉኝም ፈራሁ።

የእንስሳት ሐኪም
ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠሽ አውጪው፣ በጉልበት አትሳቢው። ቀዳዳውን በዚያው ቤታዲን ጥረጊ። ነገ በጠዋት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ሄደሽ የእንስሳት ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ። የኋላ እግሯ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወይም ከስንጥቁ አረፋ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ንገሪያቸው። መርፌ ካስፈለጋት ከፊት እግሯ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ቅርፊት ለመጠገን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ስለ መልቀቅ አሁን አታስቢ።

ሕግ የተማረ አባል
የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ይህ አንቺንም ስለሚመለከት ነገውኑ ለክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ክፍል ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቂ። ከሕገ ወጥ ይዞታ የሚወጡ የዱር እንስሳትን የሚቀበል እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል ሆለታ አጠገብ አለ፣ ስለሱም ጠይቂያቸው። ጎረቤቶችሽን በደግ ቃል አናግሪያቸው፣ አብረውሽ ቢያስረክቡ ይሻላል። የት እንዳገኟት ግን ሳትጠይቂ አትለፊ። ድና የምትለቀቅ ከሆነ የምትመለሰው ወደ መጣችበት ሰፈር ነው። ፎቶም አንሺያት።