«ፎርክ ሲረዝም ፍርሃት ያጥራል»? ኧረ ተዉን!

ጦሳ ስር፦
ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ የተለቀቀውን የድምፅ መልእክት ሰምታችኋል? ላልሰማችሁ ባጭሩ። አንድ ጀማሪ ልጅ የተራራ ሳይክል ፍሬም ሊገዛ ነው፣ የብረት ሃርድቴል (ሞላው ፊቱ ላይ ብቻ የሆነ)። «ስንት ሚሊ ፎርክ ላድርግበት፣ የፍሬሙስ ሳይዝ እንዴት ነው የሚመረጠው» ብሎ ጠየቀ። ፎርክ ያው የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለሞላ ሹካ ነው፣ ሚሊው የሚሰምጥበት ልክ። ፍሬሙ የ29 ኢንች ጎማ ነው፣ ለ120 ሚሊ ፎርክ የተሠራ። ከኮምቦልቻ አንዱ የመለሰለትን ስሙልኝ፦ «150 አስገባበት፣ ፎርክ ሲረዝም ፍርሃት ያጥራል። ፍሬሙንም ትልቁን ያዝ፣ ትርፍ አይጎዳም።» ይሄንን ሰው ሁሉ ላይክ አደረገው! እኔን ያናደደኝ ላይኩ ነው። ልጁ ያጠራቀማትን ብር አውጥቶ ፎርኩን ከአዲስ አበባ ያስመጣና፣ የጦሳን ዳገት ሲጀምር የፊት ጎማው እንደ ፈረስ ሲነሳበት ማን ሊጠየቅ ነው?

የሐረጎ ንፋስ፦
የምን «አንዱ» ነው? እኔ ነኝ ያልኩት፣ ስሜን ጥራው። አሁንም እላለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መሃሉ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አስፋልቱን አይደለም የማወራው፣ አስፋልቱንማ በአያቴ ሳይክልም ትወርደዋለህ። ሐረጎ ላይ ከአንዱ ጥምዝ ወደ ሌላው የሚያቋርጠውን የእግር መንገድ ነው የምልህ። እዚያ ድንጋይ ላይ አጭር ፎርክ ይዘህ ከገባህ በመሪው ላይ ተገልብጠህ ነው ኮምቦልቻ የምትደርሰው። ረጅም ፎርክ አንገቱን (መሪው የሚዞርበትን የፍሬሙን የፊት ቱቦ) ያጋድመዋል፣ የፊት ጎማው ወደፊት ይርቅልሃል፣ ትረጋጋለህ። ምኑ ነው ስህተቱ?

ቦርከና ዳር፦
«በአያቴ ሳይክል» ሃሃሃሃ። ይሄን ልጅ አትንኩብኝ።

ጦሳ ስር፦
ቁልቁለቱን ተረድቻለሁ ወንድሜ። ግን 30 ሚሊ ስትጨምር የሚለወጠው አንገቱ ብቻ መሰለህ? ፍሬሙ በሙሉ ነው በኋላ ጎማው ላይ ዞሮ ወደ ኋላ የሚጋደመው። በግምት በየ20 ሚሊው 1 ዲግሪ ገደማ በለው። ስለዚህ በ30 ሚሊ አንድ ዲግሪ ተኩል አካባቢ ይጋደማል። የኮርቻው ቱቦም አብሮ በዚያው ልክ ይጋደማል፣ የፔዳሉ ማዕከል 10 ሚሊ ገደማ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ሪቹ (ከፔዳሉ ማዕከል እስከ አንገቱ ያለው አግድም ርቀት) ደግሞ 15 ሚሊ ገደማ ያጥራል። ቁልቁል ላይ የቆምክ ጊዜ ይሄ ላይሰማህ ይችላል። ዳገት ላይ ስትቀመጥ ግን ክብደትህ በሙሉ ኋላ ጎማው ላይ ነው፣ የፊቱ ይቀልና ወዲያ ወዲህ ይላል። መሪውን ይዘህ መሬት ላይ ለማስቀመጥ ስትታገል ነው ጉልበትህ የሚያልቀው።

የሐረጎ ንፋስ፦
ሂሳብህ ቆንጆ ነው፣ ሳግን ግን ረሳህ። ፎርኩ ላይ ስትቀመጥበት 20 ፐርሰንቱ ይሰምጣል። 150ው 30 ሚሊ ወረደ ማለት ነው። ስንት ቀረ? 120! ፍሬሙ ለስንት ነው የተሠራው? ለ120። በቃ ጨርሻለሁ።

ጦሳ ስር፦
ወይ ጉድ። 120ው አይሰምጥም እንዴ? እሱም እኮ 24 ሚሊ ይወርዳል። የራስህን ፎርክ ተቀምጠህበት፣ የኔን በአየር ላይ አንጠልጥለህ ነው የምታወዳድረው?

የኋላው ግንብ፦
ቁምነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ሁለታችሁም ዘላችሁት። ሃርድቴል ኋላው አይወርድም። የሚወርደው ፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርኩ በተጫነ ቁጥር ያ የተጋደመ አንገት መልሶ ይቆማል። 120 ፎርክ እስከ ጥግ ቢጫን አንገቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ይቆማል፣ 150 ከሆነ 7 ይጠጋል። ማለትም ትልቁ ድንጋይ ላይ፣ መረጋጋት በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት፣ ረጅሙ ፎርክ ነው ይበልጥ የሚለዋወጥብህ። ኋላም ሞላ ባለው ሳይክል ሁለቱም ጫፍ ስለሚወርድ ችግሩ እንዲህ አይጎላም። ፍርሃቱ መቼ ነው ያጠረው?

የሐረጎ ንፋስ፦
ለዚህ እኮ ነው ከመጀመሪያው ተጋድሞ መነሳት ያለበት። ተጋድሞ ከተነሳ ሲቆምም ለክፉ አይሰጥም። በራስህ አፍ መሰከርክልኝ፣ አላህ ይስጥህ።

የኋላው ግንብ፦
ተጋድሞ መነሳት ከፈለግክ ተጋድሞ የተሠራ ፍሬም ግዛ! ፎርክ በማርዘም አታጋድመው። ተጋድሞ የተሠራው ኮርቻው አብሮ አይጋደምም፣ ፔዳሉም አይሰቀልም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ቦርከና ዳር፦
«ፍሬም ግዛ» ማለት በአፍ ቀላል ነው። አንዱን ለማግኘት ስንት ደላላ እንደሚለመን ከሩቅ ሆኖ መናገር አይከብድም።

ጋሽ በያጅ፦
ልጆች፣ እኔ ስለ ዲግሪው አላውቅም፣ የማውቀው ሲሰበር ነው። ፎርክ የረዘመባቸው ፍሬሞች ወደኔ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቁት አንድ ቦታ ነው፤ የታችኛው ቱቦ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት፣ ከብየዳው ጫፍ ትንሽ ወረድ ብሎ። መጀመሪያ ቀለሙ ፀጉር በምታህል መስመር ይነሳል፣ ከዚያ በስሯ ዝገት ይወጣል። ፎርክ ማለት ማንሻ ነው። ማንሻ ሲረዝም የሚጎዳው መያዣው ነው። ብረት ደግነቱ ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያችኋል፣ የምታጥቡት ከሆነ።

ቦርከና ዳር፦
ጋሼ እርስዎ ካሉማ ምን ችግር አለ፣ ሲሰነጠቅ ይበይዱልናል። ብረት የምንገዛውም ለዚህ አይደል?

ጋሽ በያጅ፦
አልበይድም! ክሮሞሊ (የሳይክሉ ቅይጥ ብረት) ፍሬም መሃሉ ላይ የቱቦው ውፍረት 0.6 ሚሊ አካባቢ ነው። የግቢ በር በምበይድበት ኤሌክትሮድ ስነካው ቀዳዳ ይሆናል። በጋዝ ነሐስ አቅልጦ የሚሠራ እጅ ካገኛችሁ እሰየው። «ብረት ነው፣ የትም ይበየዳል» የሚሏችሁ የአልጋ ብረትና የሳይክል ብረት ያልለዩ ናቸው።

የሐረጎ ንፋስ፦
ጋሽዬ በአክብሮት፣ እኔ የተናገርኩት ስለ ፍርሃት ነው፣ ስለ ብየዳ አይደለም።

ዝም አልልም፦
«ፎርክ ሲረዝም ፍርሃት ያጥራል፣ ፍርሃት ሲያጥር ዕድሜ ያጥራል።» ሙሉውን ለቅቄያለሁ።

ዘሃራ፦
ሁላችሁም ፎርኩ ላይ ተንጠልጥላችሁ ሁለተኛዋን አለፋችኋት። «ፍሬሙን ትልቁን ያዝ፣ ትርፍ አይጎዳም።» ማነው የማይጎዳው? እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ። ሱቅ ገብቼ ሳይክል ስጠይቅ ነጋዴው ቀና ብሎ ሳያየኝ 19 ቁጥር አወጣልኝ፣ «ኮርቻውን ዝቅ እናደርገዋለን» አለኝ። ኮርቻው ዝቅ ይላል፣ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ይላል እንዴ? ዳገት መሃል ቆሜ እግሬን ሳወርድ የት እንደሚያርፍብኝ ላስረዳችሁ ወይስ ገብቷችኋል? 30 ሚሊ ፎርክ ደግሞ ስትጨምሩበት የላይኛው ቱቦ አብሮ ከፍ ይላል። ሁለቱ ምክሮች አንዱ ባንዱ ላይ ነው የሚደረቡት።

የኋላው ግንብ፦
ዘሃራ ልክ ነሽ። ደግሞ ያ ቁጥር፣ 17ም በይው 19፣ የኮርቻ ቱቦው በኢንች ስንት እንደሆነ ነው የሚናገረው። ድሮ የላይኛው ቱቦ አግድም በነበረበት ዘመን ይሠራ ነበር። አሁን ሁለት ባለ17 ፍሬም አንዱ ካንዱ በሪች ብዙ ሊለያይ ይችላል። ስትቆሚ መሪው ከእግርሽ ስንት እንደሚርቅ የሚነግርሽ ሪች ነው፣ ስትቀመጪ ደግሞ የላይኛው ቱቦ አግድም ልኬት። እነዚህን ያልነገረሽ ነጋዴ ሳይዝ አልነገረሽም።

የሐረጎ ንፋስ፦
እሺ ይቺን ላስረዳ። ትልቁን ያዝ ያልኩት እኮ ፎርኩ ሲረዝም ሪቹ ስለሚያጥር ነው። ጦሳ ስር ራሱ 15 ሚሊ አለ። ትልቁ ፍሬም ያችን ይመልሳታል። አስቤበት ነው።

ጦሳ ስር፦
አስቤበት ነው ይላል! «ትርፍ አይጎዳም» ነው ያልከው፣ ድምፅህ አለ እኮ። አንዱን ጉድጓድ ቆፍረህ በሌላ ጉድጓድ አፈር ትሞላለህ?

አሮጌ ብረት፦
እኔን የሚገርመኝ ሞላ ያስፈልጋል ብሎ ሁሉም ተስማምቶ መነሳቱ ነው። ጆ ብሪዝ 1977 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራት ብሪዘር ብረት ነበረች፣ ፎርኳም ድርቅ ያለ። ሮክሾክስ የመጀመሪያውን ባለሞላ ፎርኩን ያወጣው 1989 ነው። እስከዚያ ሰው ተራራ አልወረደም? ለ120 ፍሬም ከአክስሉ (ከጎማው መሃል ዘንግ) እስከ አንገቱ ስር 490 ወይም 500 ሚሊ የሆነ ደረቅ ፎርክ አድርጉበት፣ 2.4 ጎማ ነፋሱን ቀነስ አድርጉ፣ ሳግ የለ፣ ዘይት የለ፣ ሰርቪስ የለ። ለነዚህ ርካሽ ፎርኮች ማኅተሙን (ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ) እዚህ ከየት ታመጣላችሁ?

ቦርከና ዳር፦
የእጅህን አንጓ ግን ከየት ታመጣለህ?

አሮጌ ብረት፦
እናንተ ኮምቦልቻዎች ወርዳችሁ በሚኒባስ ጣራ ነው የምትመለሱት፣ ስለዚህ ክብደት አይገባችሁም። ጎትቶ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

የሐረጎ ንፋስ፦
ጀመረ። እናንተ ደሴዎች እስከ ረፋዱ ከጉሙ አትወጡ፣ ዳገት ዳገት ትላላችሁ። እኔ በፔዳል ነው የምወጣው፣ ከተጠራጠርክ ቅዳሜ ጠዋት ቦርከና ድልድይ ጋ ጠብቀኝ።

አሮጌ ብረት፦
በ150 ነው የምትመጣው?

የሐረጎ ንፋስ፦
በ140። ለ130 በተሠራ ፍሬም።

ጦሳ ስር፦
ምን??? ያ ጀማዓ ሰማችሁ? ራሱ 10 ሚሊ ብቻ ጨምሮ ለሰው ልጅ 30 ያዛል!

የሐረጎ ንፋስ፦
150 እዚህ ስላላገኘሁ ነው። ብዙ አምራች እስከ 20 ሚሊ ልዩነት ይፈቅዳል፣ ከ120 እስከ 140 ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። 30ና 20 መሃል ያለችው 10 ሚሊ ናት፣ የአውራ ጣት ጥፍር አታህልም፣ ለሷ ብላችሁ ሰው ትሰቅላላችሁ።

የኋላው ግንብ፦
የሚፈቅደው ሲፈቅድ ነው። ያልፈቀደ አምራች ካለው በላይ ስታደርግበት ዋስትናውን ይሰርዛል። የልጁ ፍሬም ላይ የተጻፈው 120 ብቻ ነው፣ ክልል የለውም። ደግሞ ሁሌ በትራቭል (በሚሰምጥበት ልክ) ታወራላችሁ እንጂ ሁለት 120 ፎርኮች ራሳቸው በጠቅላላ ርዝመት በ10 ሚሊ ሊለያዩ ይችላሉ። ሜትር አውጥቶ ከአክስሉ እስከ አንገቱ ስር የለካ አለ?

ዝም አልልም፦
ልጁ ራሱ የት ሄደ? ለሱ ስንጣላ እሱ ተኝቷል።

ጀማሪው፦
አለሁ፣ እያነበብኩ ነው፣ ሰላም ለሁላችሁም። ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ፎርኩን ትናንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀብድ ከፍዬበታለሁ። 150 ነው። ሻጩ አንገቱ ከታች ሰፋ ይላል አለኝ፣ ቴፐርድ ነው። ፍሬሙ አንገቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ 44 ሚሊ። ይገባል?

የሐረጎ ንፋስ፦
ይገባል! ከታች የውጭ ኩባያ ታደርግበታለህ፣ የኩሽኔታው ቤት ከቱቦው በታች ይወጣል። አብሽር።

ጦሳ ስር፦
ኩባያውም እኮ 12 ሚሊ ገደማ ቁመት አለው፣ ፍሬሙ እሱን አስቦ ካልተሠራ በቀር እንደ ፎርክ ርዝመት ነው የሚቆጠረው! 150 ሲደመር 12። 42 ሚሊ ትርፍ! አሁንስ ፍርሃት ስንት ቀረ?

የኋላው ግንብ፦
አንዳንድ ባለ150 ፎርክ ውስጡ ያለውን የአየር ዘንግ በመቀየር ወደ 130 ወይም 120 ይወርዳል። ሞዴሉን ጻፍልን። ቀብዱ የሚመለስ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ደውል።

ቦርከና ዳር፦
ዘንጉን ማን ይቀይርለታል? ጋሽ በያጅ?

ጋሽ በያጅ፦
እኔን ተዉኝ።

ዘሃራ፦
ቆይ፣ ቁመቱን የጠየቀው ሰው አለ? ወንድሜ ስንት ነህ? ፍሬሙስ ስንት ቁጥር?

ጀማሪው፦
1 ሜትር ከ64። ፍሬሙ 20 ቁጥር። ትርፍ አይጎዳም ስለተባልኩ እሱንም ትናንት ማታ ያዝኩት።

ዘሃራ፦
ያ ረቢ። የሐረጎ ንፋስ፣ ና መልስ ስጠው።

የሐረጎ ንፋስ፦
ስተሙን (መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያያይዘውን) 35 ሚሊ ያድርገው።