ያለ ቤተ ሙከራ ሥነ ምሕዳርን እንዴት ላስተምር? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህርት፣ ራያ ቆቦ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሕይወት ያላቸው ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት የሚናገረውን ምዕራፍ ስንጨርስ፣ ተማሪዎቼ የፓራሲቲዝምን (አንዱ ሌላውን እየጎዳ የሚጠቀምበት ግንኙነት)፣ የሚውቹዋሊዝምን (ሁለቱም የሚጠቀሙበት) እና የኮሜንሳሊዝምን (አንዱ ሲጠቀም ሌላው የማይጠቀምበትም የማይጎዳበትም) ትርጉም በቃላቸው ይወጡታል፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ ከሚያልፉበት ማሳ አንድ ምሳሌ አምጡ ስላቸው ግን የሚመልሱልኝ የአንበሳንና የሜዳ አህያን ነገር ነው። በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪዎች አሉ፤ ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ቢኖርም ዕቃ የለውም፤ ወደ ፓርክ ለመሄድም መኪናና በጀት የለንም። በትምህርት ቤቱ ግቢና በአቅራቢያው ባለው የማሽላ ማሳ፣ በሁለት ወይም በሦስት ክፍለ ጊዜ ሊሠራ የሚችል ነገር ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ ከግቢው ይጀምሩ። አራት ችካልና ከአራት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ገመድ ካለ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ይወጣዋል። ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው ይመድቡና እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ካሬ ይትከል፤ አንዱን ከብት በማይገባበት በአጥሩ ውስጥ፣ ሌላውን ከብት በሚግጥበት ከአጥሩ ውጪ። ቦታውን ራሳቸው እንዲመርጡ አይፍቀዱላቸው፤ ሁሉም አበባ ወዳለበት ይሮጣሉና። ዓይኑን የጨፈነ ተማሪ ዱላ ይወርውርና ካሬው ዱላው በወደቀበት ይተከል።

የዕፅዋቱን ስም አለማወቃቸው ችግር አይሆንም፤ «ሰፊ ቅጠል ሀ»፣ «ሣር ለ» እያሉ በዓይነት ይለዩ፣ ይቁጠሩ፣ የአፈሩን እርጥበት በእጃቸው ጨብጠው ይመዝግቡ፤ ቴርሞሜትር ከተገኘም ሙቀቱን ይለኩ። ሁሉም ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ አንዱ ጠዋት ሌላው ቀትር ላይ ከለካ ልዩነቱ ከቦታው ይሁን ከሰዓቱ መለየት አይቻልም። ዋናው ትምህርት የሚመጣው ከቆጠራው በኋላ፣ በተጋጠው ቦታ ለምን መሬት ላይ የተኙ፣ እሾህ ያላቸው ወይም ከብት የማይወዳቸው ዕፅዋት እንደበዙ ሲጠይቋቸው ነው።

መልስ፦ የግብርና ባለሙያ፣ ሰሜን ወሎ

በማሽላ አገር ስለ ጥገኛ ተክል ለማስተማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አቀንጭራ አለ። የልጆቹ ወላጆች በየዓመቱ የሚነቅሉትና የሚያማርሩበት አረም ነው፤ ስለዚህ ከእርስዎ ይልቅ ተማሪዎቹ የሚነግሩዎት ይበዛል።

ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን፣ አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ልትበትን ትችላለች፤ ዘሩም የሚጣበቅበት ሰብል እስኪያገኝ ድረስ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዝናብ ሲያርሰውና ከማሽላ ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ይበቅላል፣ ሥሩን ይይዛል፣ ውኃና ምግብ ይስባል። ገበሬው ሐምራዊውን አበባ ሲያይ ብዙው ጉዳት ከአፈር በታች ደርሷል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ማሽላው ውኃ እንደጠማው ጠውልጎና ቀጭጮ መታየቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም፣ ባለማሳውን አስፈቅደው አቀንጭራ ካለበትና ከሌለበት ስፍራ አሥር አሥር የማሽላ አገዳ ያስለኩ፤ በእያንዳንዱ አገዳ ሥር ያለውን አቀንጭራም ያስቆጥሩ። ከዚያ አንዱን ማሽላ ከነአፈሩ በጥንቃቄ ቆፍረው ሥሩን በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርገው ቢያጥቡት፣ ሁለቱ የተጣበቁበት ቦታ ሊታይ ይችላል። ክፍል ስትመለሱ ይህን ይጠይቁልኝ፦ አቀንጭራ አረንጓዴ ቅጠል እያለው ለምን ጥገኛ ተባለ?

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎበዝ ተማሪ መልሶ የሚጠይቀኝ ግን ይታየኛል፦ ማሽላው ጠላቱን የሚጠራ ኬሚካል ለምን ያወጣል? ለዚህ የሚሆን መልስ ያለው ሰው አለ?

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የዕፅዋት ሳይንስ

ምዕራፉን በሙሉ በዚህ ጥያቄ ማስተማር ይቻላል። ኬሚካሎቹ ስትሪጎላክቶን ይባላሉ። ማሽላው የሚያወጣቸው ለአቀንጭራ ብሎ አይደለም፤ ከሥሩ ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ፈንገሶችን ለመሳብ ነው። ፈንገሶቹ ከአፈር ፎስፈረስ ያቀርቡለታል፣ እርሱም በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ያካፍላቸዋል። ይህ የመጥሪያነት ሥራ በምርምር የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን መልእክት ሰምቶ የሚመጣ ያልተጠራ እንግዳ ነው።

ፎስፈረስ ባነሰበት አፈር ማሽላው ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራ በተራቆተ መሬት የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ በአንድ ሥር ላይ ሚውቹዋሊዝምም፣ ፓራሲቲዝምም፣ ሕይወት የሌለው አፈር በሁለቱ ላይ ያለው ተጽዕኖም ይገኛል። በአቀንጭራ ላይ የሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙ ሲሆን፣ አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች መካከል ይህን ኬሚካል በጣም አሳንሰው የሚያወጡ አሉ። ተማሪዎቹ ይህን ከመስማታቸው በፊት «አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማግኘት ምን ዓይነቱን ትመርጣላችሁ?» ቢባሉ፣ ራሳቸው የሚደርሱበት ይመስለኛል።

ከደብረ ብርሃኑ ወንድሜ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአጥሩ ውስጥና ውጪ የሚለያዩት በግጦሽ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ዛፍ ሊኖረው፣ ውኃም ሊጠጣ ይችላል። «ልዩነቱን ያመጣው ከብቱ ነው» ብለው ለሚደመድሙ ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ አይስጡ።

መልስ፦ መምህር፣ መንዝ

ለክርክር የሚሆን አንድ ምሳሌ ከእኛ አገር ልላክልዎ። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በመንጋው መካከል ሆኖ ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳኩለት 25 በመቶ ብቻ ናቸው። ጭላዳዎቹ ግን የሚያገኙት ጥቅም አልታየም። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱ ተስማምተው መኖራቸውን ብቻ አይተው ሚውቹዋሊዝም ይሉታል፤ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ጭላዳው ምን አገኘ?» ብለው ይጠይቋቸው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግቢውን በመጀመሪያው፣ ማሳውን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አደርጋለሁ። ስልሳ ልጅ ይዤ ማሳ ስገባ ልጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ?

መልስ፦ የግብርና ባለሙያ፣ ሰሜን ወሎ

አዎን፣ አለ። አቀንጭራው ዘር ካፈራ ዘሩ በጫማና በልብስ ተጣብቆ ወደ ንጹሕ ማሳ ይሄዳልና፣ መጀመሪያ አቀንጭራ የሌለበትን ስፍራ ለክታችሁ ወደተበከለው በመጨረሻ ግቡ። ስትወጡ ሁሉም የጫማውን ጭቃ እዚያው ማሳ ዳር ያራግፍ። የነቀላችሁትን ለከብት አትስጡ፣ ክፍል ውስጥ ለማድረቅም አትውሰዱ፤ ባለማሳው በሚያሳያችሁ ቦታ ይቃጠል። ስልሳውን በአንድ ጊዜ ከማስገባት ደግሞ ግማሹ ዳር ሆኖ ቢመዘግብና ቢቀያየሩ፣ ሰብሉም አይረገጥም፣ ባለማሳውም በሚቀጥለው ዓመት አይከለክላችሁም።